የፒካፕ መኪና የኋላ ባሌስትራ ስብራት፤ ምክንያቱና መከላከያው

በከተማም ሆነ በገጠር ለሚነግድ ሰው የፒካፕ መኪና እንደ ቀኝ እጁ የሚቈጠር ነው። ከጅምላ መጋዘን ወደ ሱቅ ስኳርና ሳሙና፣ ከገበያ ወደ ማከማቻ እህልና ቡና፣ ከጉምሩክ ወደ መደብር ልዩ ልዩ ሸቀጥ የሚያመላልሰው ይኸው መኪና ነው። ይሁን እንጂ የመኪናው ባለቤት ስለ ሞተሩ፣ ስለ ጎማውና ስለ ነዳጁ ዘወትር ሲጨነቅ፣ ሸክሙን ሁሉ ተቀብሎ የሚውለውን የኋላ ባሌስትራ የሚያስታውሰው በተሰበረ ዕለት ነው። በዚያ ዕለት ዕቃው ከመንገድ ይቀራል፤ ደንበኛውም ሌላ ሻጭ ይፈልጋል፤ ስብራቱ አደጋ ያስከተለ እንደሆነ ደግሞ የሚጠፋው ነገር በገንዘብ የሚተመን አይሆንም።

ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ አገር የሚገባው መለዋወጫ በብር ሲተመን ዋጋው እጅግ ከፍ ማለቱ የታወቀ ነው። ስለዚህም አስመጪው ርካሹን እንዲያዝ፣ ባለሱቁ ያገለገለውን ቀለም ቀብቶ እንዲሸጥ፣ ባለመኪናውም የተሰበረውን አስበይዶ እንዲነዳ የሚገፋፋ ፈተና ይገጥማቸዋል። ባሌስትራ የሚሰበርበትን ምክንያት ማወቅ ለመካኒክ ብቻ ሳይሆን ለነጋዴም የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ባሌስትራ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከኢጣልያንኛ ነው። በዚያ ቋንቋ ቃሉ ፍላጻ የሚወረወርበት የጥንት የጦር መሣሪያ ስምም ነው። የመኪናው ባሌስትራም እንደ ደጋን የጎበጠ፣ ሲጫኑት የሚዘረጋ፣ ሲለቁት ወደ ቦታው የሚመለስ ብረት ስለሆነ ስያሜው የተስማማ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ርዝመታቸው እየተበላለጠ የሄደ ዝርግ ብረቶች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው፣ መካከላቸው ተበስቶ በአንድ ብሎን ይያያዛሉ። ከሁሉ የሚረዝመው ዋናው ብረት ሁለት ጫፎቹ ተጠቅልለው እንደ ቀለበት የሆነ ዐይን አላቸው። የፊተኛው ዐይን ከሻንሲው ጋር በቀጥታ ይታሰራል፤ የኋለኛው ግን ባሌስትራው ጭነት ሲያርፍበት እየተዘረጋ ስለሚረዝም፣ በሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ይያዛል። ከዚህም በኋላ ድርብርቡ በሙሉ፣ ሁለት ጫፋቸው ጥርስ ባላቸውና ተቆልምመው በታጠፉ ማቀፊያ ብሎኖች ከኋላው አክስል ጋር ጠብቆ ይታሰራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለአንድ ብረት የሚከብደው ለብዙ ሲከፋፈል ይቀላል። ከመካከላቸው አንዱ በተሰበረ ጊዜ ግን የእርሱ ድርሻ በቀሩት ላይ ስለሚወድቅ፣ የአንዱ ስብራት ለሌሎቹ ስብራት መነሻ ይሆናል።

ነገሩ የአሮጌ መኪናና የመጥፎ መንገድ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፣ አንድ የታወቀ ምሳሌ መጥቀስ ይበቃል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. የቶዮታ ኩባንያ ከ2005 እስከ 2011 ሞዴል የሆኑ 690,000 ያህል ታኮማ የተባሉ ፒካፖችን በአሜሪካ አገር ለጥገና ጠርቷል። የተሰጠው ምክንያት፣ ከኋላው ባሌስትራ ብረቶች አንዱ ወይም ከአንድ በላይ የሆኑት በጫናና በዝገት ሊሰበሩ እንደሚችሉ፣ የተሰበረውም ብረት ከቦታው ወጥቶ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ሊነካና ነዳጅ ሊያፈስስ እንደሚችል የሚገልጽ ነበር። ታኮማ በኢትዮጵያ መንገዶች ከሚታወቀው ሃይሉክስ የተለየ መኪና ነው። ሆኖም ብዙ መንገድ አስፋልት በሆነበት አገር እንኳ ጫናና ዝገት ሲተባበሩ ይህን ያህል ጉዳት የሚያሰጉ ከሆነ፣ በኮረኮንች መንገድ ለሚሠራ መኪና ጥንቃቄው ምን ያህል መብለጥ እንዳለበት መገመት አያዳግትም።

የስብራት የመጀመሪያ ምክንያት ከልክ ያለፈ ጭነት ነው። ብዙዎቹ ፒካፖች የሚሸከሙት አንድ ቶን ገደማ ወይም አሥር ኩንታል ነው። ነገር ግን በዚህ ልክ ውስጥ የተሳፋሪዎቹም ክብደት እንደሚቈጠር ብዙ ሰው አያስተውልም። አምስት ሰዎች በአማካይ 70 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ክብደታቸው 350 ኪሎ ግራም ስለሚሆን፣ ለዕቃው የሚቀረው ስድስት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው። የጭነቱ አቀማመጥም ልዩነት ያመጣል። ለምሳሌ ያህል፣ በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል 3 ሜትር ርቀት ባለው መኪና ላይ 500 ኪሎ ግራም ከኋላው አክስል 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ቢጫን፣ በኋላው አክስል ላይ የሚያርፈው 600 ኪሎ ግራም ነው፤ የመኪናው ፊት በ100 ኪሎ ግራም ሲቀልል፣ ያው ክብደት ተጨምሮ ወደ ኋላ ይሄዳልና። ፊቱ የቀለለ መኪና መሪው በሚገባ አይታዘዝም።

ከልክ በላይ የጫነ ሰው መኪናው በዚያው ቀን ሳይሰበር ቢቀር «ቻለው» ብሎ ይደሰታል። ይህ ግን ስሕተት ነው። ብረት ሲታጠፍና ሲቃና ብዛት ይደክማል። በመጀመሪያ ለዐይን የማይታይ ስንጥቅ ያበጃል፤ ጕድጓድ ባጋጠመ ቍጥር ስንጥቁ ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ይገባል፤ በመጨረሻም የቀረው ጤነኛ ብረት ሸክሙን መቻል ሲያቅተው በድንገት ይለያያል። ጫናው በእጥፍ ሲጨምር የብረቱ ዕድሜ የሚቀንሰው በግማሽ ሳይሆን ከዚያ እጅግ በበለጠ መጠን ነው። እንግዲህ ዛሬ በትርፍ የተጫነው ሁለት ኩንታል ሒሳቡን የሚጠይቀው ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም መኪናው ባዶውን በሚሄድበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የማሰሪያ መላላት ነው። ማቀፊያ ብሎኖቹ ጠብቀው ሲያዙ የባሌስትራው መካከል ከአክስሉ ጋር እንደ አንድ አካል ስለሚሆን አይታጠፍም። በላሉ ጊዜ ግን ብረቱ በመካከል ይንቀሳቀሳል፤ በመካከል ደግሞ ለብሎን የተበሳው ቀዳዳ ስለሚገኝ ከሁሉ የሚደክመው ቦታ ይህ ነው። የመካከለኛው ብሎን ከተቈረጠ አክስሉ ከቦታው ሊሸሽና መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊስብ ይችላል። አዲስ ባሌስትራ ከተገጠመ በኋላ ብረቶቹ እየተጣጣሙ ስለሚሄዱ ማሰሪያው ይላላል፤ ስለዚህ ጥቂት ቀናት ከተሠራበት በኋላ እንደገና ማጥበቅ የግድ ነው። ያለቀ ጎሚኒና ያረጀ አሞርዛተርም እንዲሁ ድንጋጤውን ሁሉ ወደ ባሌስትራው እያስተላለፉ ዕድሜውን ያሳጥራሉ።

ሦስተኛው ዝገት ነው። ዝገት የብረቱን ፊት እየበላ ጥቃቅን ጕድጓዶች ያበጃል፤ የድካም ስንጥቅም የሚነሣው ከእነዚህ ጕድጓዶች ነው። በሰሜን አሜሪካ በብርድ ወራት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ለዚህ ዋና ምክንያት ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ጨው የሚጭን መኪና ተመሳሳይ ጉዳት ይደርስበታል። እንዲህ ያለ መኪና ሥሩ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይገባዋል።

አራተኛውና ነጋዴውን በቀጥታ የሚመለከተው የብረቱ ዐይነት ነው። ባሌስትራ ከማናቸውም ብረት አይሠራም። በጃፓን «ኤስ ዩ ፒ 9»፣ በአሜሪካ «5160» ተብለው የሚታወቁት የባሌስትራ ብረቶች ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦንና ከመቶ ከ1 ያነሰ ክሮም አላቸው። ብረቱ ግሎ ዘይት ውስጥ ከተነከረ በኋላ፣ እንዳይሰባበር እንደገና በመጠነኛ ሙቀት ይለዝባል። በመጨረሻም ፊቱ በጥቃቅን የብረት ፍሬዎች ይደበደባል፤ ይህም ስንጥቅ እንዳይጀምረው ያጠነክረዋል። ከነዚህ ሥራዎች አንዱ ከጐደለ፣ በመልክ ከሌላው የማይለይ ባሌስትራ ወይ ቶሎ ይረግባል፣ ወይም እንደ ሸክላ ይሰበራል።

ባለመኪኖች የሚወስዷቸው ሁለት የተለመዱ መፍትሔዎች አሉ፤ ሁለቱም ያታልላሉ። አንደኛው ተጨማሪ ወይም ወፍራም ብረት መደረብ ነው። የአንድ ብረት አልታጠፍ ባይነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር የነበረው በ8 ቢተካ ልዩነቱ ለዐይን ጥቂት ሲሆን፣ አልታጠፍ ባይነቱ ግን በግማሽ ያህል ይጨምራል። መኪናው ከፍ ብሎ ስለሚታይ ባለቤቱ ተጨማሪ መጫን የተፈቀደለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጎማው፣ ኩሽኔታው፣ አክስሉና ፍሬኑ እንደነበሩ ናቸው። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በብዙ ፒካፖች ላይ የኋላውን ፍሬን ኀይል እንደ ጭነቱ መጠን የሚመጥን መሣሪያ ከአክስሉ ጋር ተያይዟል። ይህ መሣሪያ ጭነቱን የሚያውቀው በመኪናው ዝቅ ማለት ነው። ባሌስትራው ጠንክሮ መኪናው ዝቅ ማለቱን ሲተው፣ መሣሪያው ጭነት የሌለ መስሎት የኋላውን ፍሬን ያሳንሳል። ከልክ በላይ የጫነ መኪና ቍልቍለት ላይ ፍሬኑ ሲያንሰው ምን እንደሚደርስ መናገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ብየዳ ነው። የብየዳው እሳት በዘይትና በሙቀት የተገኘውን የብረቱን ጠባይ ያጠፋል፤ ከብየዳው አጠገብ ያለውም ብረት ተሰባሪ ይሆናል። የተሰበረ ባሌስትራ የሚገባው ቦታ የአንጥረኛ ቤት ነው። በዚያ ማረሻና መጥረቢያ ሆኖ ለብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ወደ መኪና ሥር ግን ሊመለስ አይገባውም።

ደንበኛ የተሰበረ ባሌስትራ ይዞ «ብረቱ መጥፎ ነው» ሲል ክርክር እንዳይነሣ፣ ባለሱቁ የስብራቱን ፊት መመልከት ቢለምድ ይጠቅመዋል። ከስብራቱ ፊት አንዱ ክፍል የጠቈረና የለሰለሰ፣ ሌላው የሚያብረቀርቅና ሸካራ ከሆነ፣ ስንጥቁ ቀደም ብሎ ጀምሮ ብረቱ በድካም መሰበሩን ያመለክታል። ስብራቱ በመካከለኛው ቀዳዳ ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማሰሪያ መላላት ነው። ብዙ ሳይሠራበት፣ ያለ አሮጌ ስንጥቅና ያለ ትርፍ ጭነት በአንድ ጊዜ የተለያየ ከሆነ ግን፣ የብረቱን አሠራር መጠርጠር ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ ባለሱቁ ቅሬታውን ለአስመጪው፣ አስመጪውም ለአምራቹ ማቅረብ የሚችሉት ዕቃው የተገዛበት ሰነድ ሲኖር ነው።

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው የሚከተሉትን ምክሮች መውሰድ ይቻላል።

1ኛ. አስመጪው ትእዛዝ ሲልክ የመኪናውን ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ ሳይሆን የብረቶቹን ቍጥር፣ ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ይጻፍ፤ የብረቱን ዐይነትና የተደረገለትን የሙቀት ሥራ የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ይጠይቅ። ዕቃው ሲደርስ በመለኪያ ያመሳክር። ሞረድ ያለ ችግር የሚበላው ብረት በሚገባ ያልተሠራ መሆኑን ይገንዘብ።

2ኛ. ባለሱቁ ያገለገለ ባሌስትራ የሚሸጥ ከሆነ ያገለገለ መሆኑን ሳይሸሽግ ይናገር። ቀለም ዝገት የቈፈረውን ጕድጓድ ይሸፍናል እንጂ አይሞላውም። ሲሸጥም ለቀኝና ለግራ ጥንዱን እንዲገዙ፣ ከአዲስ ማቀፊያ ብሎኖች ጋር እንዲያስገጥሙ ይምከር፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን መኪናው ያጋድላልና።

3ኛ. ባለመኪናው በሊብሬው የተመዘገበውን የጭነት ልክ ይጠብቅ፤ ከባዱን ዕቃ ወደ ፊት፣ ቀላሉን ወደ ኋላ ያስጭን። በየሳምንቱ መኪናውን ባዶውን በደልዳላ ስፍራ አቁሞ ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ያለውን ርቀት በቀኝና በግራ ይለካ። ልዩነት ያየ እንደሆነ፣ ወይም ከኋላ ያልተለመደ ድምፅ የሰማ እንደሆነ፣ ሳይጭን ወደ ጋራዥ ይውሰደው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ጥቂት ጊዜና ጥቂት ገንዘብ ይጠይቃል። ነገር ግን በፒካፑ ላይ የሚጓዘው የነጋዴው ሸቀጥ ብቻ አይደለም። ሾፌሩና ረዳቱ፣ በመንገዱም ዳር የሚሄደው እግረኛ ሕይወታቸውን ለዚያ ድርብርብ ብረት አደራ ሰጥተዋል። ባሌስትራውን የሚያስመጣ፣ የሚሸጥና የሚያስገጥም ሁሉ የዚህ አደራ ተቀባይ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።