የንግድ ተቋማት የዲጂታል ተግባቦት በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ የንግድ ተቋማት የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ለረጅም ጊዜ በጋዜጣዊ መግለጫ፣ በሬዲዮ ማስታወቂያና በዓመታዊ መጽሔት ላይ የቆመ ነበር። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2007 ለድርጅቶች ፔጅ ሲፈቅድ ዓለም ላይ የተከተለው ለውጥ ዘግይቶም ቢሆን እዚህ ደረሰ። ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ የውሃ ፋብሪካውም ፔጅ ከፈተ፤ አብዛኛው ግን ያንኑ መግለጫ፣ ያንኑ የስብሰባ ፎቶ ወደ ፔጁ አዛወረ። ከፎቶው ሥር ኮመንት መጻፊያ መኖሩ የተስተዋለው ቆይቶ ነው። ኤቲኤም ካርዱን የዋጠበት ደንበኛ እዚያው ይጽፋል፤ ጽሑፉን ሌላው ደንበኛ ሁሉ ያነበዋል። የኮሙኒኬሽን ሥራ ትልቁ ለውጥም ይኸው ነው፤ መናገር ብቻ የነበረው ሥራ መመለስን ጨመረ። ይህን ያልተቀበለ ተቋም ፔጁ ምንም ያህል ተከታይ ቢኖረው የማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛው ለውጥ ከአደባባይ ወደ መልእክት መለዋወጫ መተግበሪያዎች የተደረገው ጉዞ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ከድርጅቶች ይልቅ የወዳጅና የቤተሰብ ጽሑፎችን ለማስቀደም የአሠራር ለውጥ ማድረጉን አስታወቀ። ያለ ክፍያ የሚለጠፍ የድርጅት ጽሑፍ ወደ ተከታዩ የመድረስ ዕድሉ እየጠበበ ሄደ። በዚያው ወር ዋትስአፕ ለነጋዴዎች የተዘጋጀ መተግበሪያ አወጣ።

በኢትዮጵያ ግን ቦታውን የያዘው ቴሌግራም ነው። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሮ በ2015 ቻናልንና ቦትን ጨመረ። በአገሪቱ የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ደካማ ኔትወርክ ላይ ይሠራል፣ ትልልቅ ፋይል ይሸከማል፣ ቻናሉ የአባላት ቁጥር ገደብ የለውም፤ የተለጠፈውም ነገር በተለጠፈበት ቅደም ተከተል ይደርሳል። የሥራ ማስታወቂያ፣ የጨረታ ዜና፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የምንዛሪ ዋጋ በቻናል ይሰራጫል። የመርካቶና የቦሌ ነጋዴ የጫማውን ፎቶ ከነቁጥሩና ከነስልኩ ይለጥፋል፤ ገዢው ይደውላል፤ ዕቃው በሞተር ይላካል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ክፍያውም እዚያው ስልክ ላይ ተጠናቀቀ፤ የክፍያ ስክሪንሾት መላክ የግብይቱ መደበኛ ክፍል ሆነ። ትልልቆቹ ተቋማት ከዚህ ጥቃቅን ንግድ የሚማሩት አለ። ትንሹ ነጋዴ ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል፤ ባይመልስ አይሸጥምና። በአንጻሩ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ልማድ ገዢን የሚያሰለች፣ እምነትንም የሚሸረሽር ነው፤ ዋጋውን በግልጽ የሚጽፍ ሻጭ ብልጫ አለው። የቴሌግራም ትልቁ ችግር አስመሳይ ቻናል ነው። በባንክ ስምና አርማ ተከፍተው የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቁ ቻናሎች ስላሉ፣ ተቋሙ ትክክለኛ አድራሻዎቹን በድረ ገጹ፣ በደረሰኙና በቅርንጫፎቹ በር ላይ ሳይቀር ማስፈር ይኖርበታል።

ሦስተኛው ለውጥ አጭር ቪዲዮ ነው። ቲክቶክ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ከሚዩዚካሊ ጋር ከተዋሐደ ወዲህ ዩቲዩብም ፌስቡክም አጭር ቪዲዮን አስገቡ። ማን ምን እንደሚያይ የሚወስነው ከተከታይ ብዛት ይልቅ የተመልካች ፍላጎት በመሆኑ ገና ትናንት የተከፈተ ገጽ ብዙ ሕዝብ ሊያገኝ ይችላል። ለታዋቂ ቲክቶከር ከፍሎ ማስተዋወቅ የተለመደ ሆኗል፤ የተከፈለበት መሆኑ ሳይነገር ሲቀር ግን ተመልካቹ ይታለላል።

ቋንቋና ሰዓት ቀላል የሚመስሉ ግን ብዙ የሚያሳስቱ ጉዳዮች ናቸው። በአማርኛ ብቻ የሚጽፍ ተቋም አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም ትግርኛ የሚናገረውን ደንበኛ ይተዋል። በውጭ አገር ለሚኖሩ ደንበኞች የሚለጠፍ የሐዋላ ወይም የቤት ሽያጭ መረጃ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች መጻፍ አለበት። የሚለጠፍበት ሰዓትም ሊታሰብበት ይገባል፦ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ሪያድም ያው ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ግን እንደ ወቅቱ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው።

የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ብቃት በእጅጉ የሚፈተነው ችግር ሲደርስ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ አየር መንገዱ በዚያው ዕለት ቁጥር የተሰጣቸውን መግለጫዎች በማኅበራዊ ገጾቹ አወጣ። የመጀመሪያው መግለጫ በአውሮፕላኑ ላይ 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች እንደነበሩ እንደሚታመን ገለጸ፤ ያልተጣራውን እንደተጣራ አድርጎ አላቀረበም። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በአደጋው ቦታ ቆመው የተነሱት ፎቶም ተለጠፈ። በዚያ የሐዘን ቀን ወሬ የሚሞላው ክፍተት ጠባብ እንዲሆን ያደረገው ይህ ፍጥነት ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው የሲስተም ብልሽት ደግሞ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። በሒሳብ ውስጥ ካለው በላይ ማውጣት እንደሚቻል የሚገልጸው ወሬ በሌሊት ከተማሪ ወደ ተማሪ በስልክ ተዛመተ፤ የባንኩ ማብራሪያ የደረሰው ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው። ባንኩ ገንዘቡ እንዲመለስ ጠይቆ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ እስከማድረግ ሄደ። ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ ተረኛ የሌለው የኮሙኒኬሽን ክፍል እንዲህ ላለው ነገር ዝግጁ ሊሆን አይችልም።

መስመሩ ራሱ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር፤ በትግራይ በጦርነቱ ወቅት ስልክና ኢንተርኔት ለሁለት ዓመት ገደማ በአብዛኛው ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ የጥሪ ማዕከልና ሬዲዮ አሁንም አስፈላጊ ናቸው።

ሕጉም እየጠበቀ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወንጀሉ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲፈጸም ቅጣቱን ያከብዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የደንበኞችን ስም፣ ስልክና ፎቶ ለሚሰበስብ ሁሉ ግዴታ አምጥቷል። ለሽልማት ውድድር ተብሎ በኮመንት ላይ ስልክ ቁጥር የማስጻፍ ልማድ ከአሁን በኋላ ሊቀጥል አይገባውም።

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ጽሑፍና ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዘጋጀት ቀሏል። ጉግል ትርጉም አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016፣ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን በ2022 ጨምሯል። ሆኖም እነዚህ መሣሪያዎች «አንተ»ና «እርስዎ»ን ያቀላቅላሉ፣ የወለድና የቀን አኃዝ ላይ ይሳሳታሉ፤ ሰው ያላነበበው ጽሑፍ በተቋም ስም መውጣት የለበትም።

በመጨረሻ የልኬት ጉዳይ አለ። የዓለም አቀፉ የተግባቦት ልኬት ማኅበር አሜክ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣቸው የባርሴሎና መርሆች፣ የዜና ሽፋንን በማስታወቂያ ዋጋ መተመን የተግባቦትን ፋይዳ እንደማያሳይ ተገልጿል። የላይክና የተከታይ ቁጥርም እንደዚያው ነው። ስንት ጥያቄ መጣ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ በስንት ሰዓት ተመለሰ፣ የትኛው ቅሬታ ተደጋገመ፣ የትኛውስ አሠራር ተስተካከለ የሚለው ለአመራሩ የሚጠቅም ሪፖርት ነው፤ የተከታይ ብዛት ብቻ የተሞላበት የሩብ ዓመት ሪፖርት ግን የክፍሉን ሥራ አያሳይም።