ፕሮፔለር ወደ ጦር ሜዳ ሲመለስ

በሚያዝያ 2025 (ቀናቱም ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለግዳጅ ዝግጁ የሆነው የመጀመሪያው ኦኤ-1ኬ ፍሎሪዳ በሚገኘው የኸርልበርት ጦር ሰፈር ለአሜሪካ አየር ኃይል ልዩ ዘመቻ ክፍል ተሰጠ። አውሮፕላኑ የተወለደው ከእርሻ ነው። ኤር ትራክተር የተባለው ኩባንያ ኦልኒ በምትባል የቴክሳስ ከተማ ለፀረ ተባይ መርጫና ለእሳት ማጥፊያ የሚሠራው ኤቲ-802 ነው ተለውጦ የታጠቀው። አፍንጫው ላይ ፕሮፔለር አለ፤ ጎማው አይታጠፍም፤ ሦስተኛዋ ጎማ ከጅራቱ ሥር ናት። በጄት የሠለጠነ አብራሪ መሬት ላይ መንዳቱን እንኳ እንደ አዲስ መማር አለበት። ስሙ ግን የተወረሰው ከቬትናም ዘመን ነው፦ ስካይሬደር ሁለተኛ።

በዓለም ትልቁ አየር ኃይል እንዲህ ያለውን ለምን ፈለገ? የተከበበ እግረኛ የሚፈልገው ከራሱ በላይ የሚቆይለትን፣ ተኩሱ ከየትኛው አጥር ሥር እንደሚመጣ ለይቶ የሚያይለትን አብራሪ ነው። ጄቱ መጥቶ፣ ቦምቡን ጥሎ፣ ነዳጁ ሳያልቅበት ይመለሳል። ፕሮፔለሩን ተርባይን የሚያዞርለት ቱርቦፕሮፕ ግን ሰዓታት ሲዞር ይውላል። የኦኤ-1ኬ አምራቾች ከሰፈሩ 370 ኪሎ ሜትር ርቆ እስከ ስድስት ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል ይናገራሉ። እኔ በዚህ ዝግታ አምናለሁ። የምጠራጠረው ዝግታው ብቻውን በቂ ነው ሲባል ነው።

የመጀመሪያው ስካይሬደር በመጋቢት 1945 ሲበር የታሰበው ለአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ነበር። ሰማዩን ጄት ከያዘው በኋላ ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ሲገባ ቬትናም ላይ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። መጋቢት 10 ቀን 1966 በኤ ሻው ሸለቆ የነበረው የልዩ ኃይል ካምፕ ተከቦ ሳለ የዳፎርድ ማየርስ ስካይሬደር ተመታና በካምፑ ማኮብኮቢያ ላይ በሆዱ ተንሸራቶ ቆመ። ጓደኛው ሻለቃ በርናርድ ፊሸር ሄሊኮፕተር በጊዜ እንደማይደርስ ሲረዳ፣ ስብርባሪ በሞላበት አጭር ሜዳ ላይ አረፈ፤ ማየርስን ጎትቶ ወደ ውስጥ አስገባውና ተነሳ። አውሮፕላኑ ላይ 19 የጥይት ቀዳዳ ተቆጥሯል። በዚያ ማኮብኮቢያ ላይ አርፎ የሚነሳ ተዋጊ ጄት አልነበረም።

ይሁንና በ1972 ከትከሻ ላይ የሚተኮሰው ስትሬላ ሚሳኤል ደቡብ ቬትናም ውስጥ ሲታይ ያው አውሮፕላን በቀላሉ የሚመታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዚህ መስክ የሚነሳ ክርክር ሁሉ የሚያርፈው እዚሁ ላይ ነው፦ ጠላት ሚሳኤል አለው ወይስ የለውም?

ከስካይሬደር በኋላ ከመጡት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች የአርጀንቲናውን ፑካራና የቱርኩን ሁርኩሽ ጠቅሶ ማለፍ ይበቃል። ብሮንኮ ከሚባሉት የአሜሪካ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ግን ሁለቱ ከጡረታ ተጠርተው በ2015 በኢራቅ ሰማይ ላይ አይኤስ የተባለውን ታጣቂ ቡድን መውጋታቸው ሳይነገር አይታለፍም።

የሩቁን ታሪክ ላነሳ ከሆነ የምመርጠው የእኛን አገር ሰማይ የሚያውቀውን ሰው ነው። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛ ሲያመላልስ ቆይቶ፣ ከ1945 ጀምሮ ቢሾፍቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል በማደራጀት አሥር ዓመት ያህል ሠርቷል። በ1969 ደግሞ ማልሞ ውስጥ የተሠሩ አምስት ኤምኤፍአይ-9 የልምምድ አውሮፕላኖችን ይዞ ከናይጄሪያ ለመገንጠል ትዋጋ ወደነበረችው ቢያፍራ ገባ። ሞተራቸው የ100 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ በየክንፋቸው ሥር ስድስት ስድስት ሮኬት ታሰረባቸው። ግንቦት 22 ቀን የዛፍ ጫፍ እየታከኩ ሄደው የፖርት ሃርኮርትን አውሮፕላን ማረፊያ መቱ። እግረኛን መደገፍ አይባልም፤ ድንገተኛ ጥቃት ነበር። የትንንሽ አገሮች አየር ኃይሎች ግን ርካሽ አውሮፕላን ምን ሊሠራ እንደሚችል ያዩት በዚያ ነው። ፎን ሮዘን ለረሃብተኞች እርዳታ እያመላለሰ ሳለ በ1977 ጎዴ ላይ ተገደለ።

የዛሬው መስክ ገዥ የብራዚሉ ኤምብራየር የሚሠራው ኤ-29 ሱፐር ቱካኖ ነው፤ በየክንፉ ውስጥ አንዳንድ 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ አለው። ለአፍጋኒስታን አየር ኃይል የተሰጡት የመጀመሪያዎቹ አራት በጥር 2016 ካቡል ደረሱ። አፍጋናውያን አብራሪዎቹ በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት በሙዲ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ነበር፤ በመጋቢት 2018 ፋራህ ላይ በሌዘር የሚመራ ቦምብ እስከ መጣል ደረሱ። ችሎታ አልጎደላቸውም። ጥገናውን የያዙት የውጭ ባለሙያዎች በ2021 ሲወጡ ግን አውሮፕላኑ መሬት ላይ መቅረት ጀመረ፤ ታሊባንም ከአብራሪዎቹ አንዳንዶቹን ከሰፈር ውጭ እያደነ ገደለ። ነሐሴ ላይ መንግሥቱ ሲወድቅ ከአብራሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ኡዝቤኪስታን በረሩ። ያንን አየር ኃይል የጣለው ሚሳኤል አልነበረም።

ዋሽንግተንም ቢሆን ልቧ አንድ ሆኖ አያውቅም። አየር ኃይሉ በ2017 ኒው ሜክሲኮ ላይ እንዲህ ያሉ ቀላል ተዋጊ አውሮፕላኖችን መሞከር ጀመረ፤ በ2018 በልምምድ አንድ አብራሪ ሞተ፤ ግዥው ሳይገፋ ቀረ። ሐሳቡን መልሶ ያነሳው የልዩ ዘመቻ ዕዝ ሲሆን 75 ኦኤ-1ኬ አቀደ። የኮንግረሱ ኦዲተር በ2023 ይህ ቁጥር በቂ ማስረጃ የለውም አለ፤ ዕቅዱም ወደ 62 ወረደ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የናይጄሪያ ጉዳይ ነው። ጥር 17 ቀን 2017 የአገሪቱ አየር ኃይል አውሮፕላን ራን በተባለች ከተማ የተፈናቃዮችን መጠለያ በስህተት ደብድቦ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቦኮ ሐራም የተባለውን ታጣቂ ቡድን ይወጋበታል የተባለው፣ ከአሜሪካ ሊገዛ የነበረው የ12 ሱፐር ቱካኖ ሽያጭ በዚህ ምክንያት ታገደ፤ በዚያው ዓመት አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር ፈቀደው። አውሮፕላኖቹ በ2021 ሲገቡ ዋጋው ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ መሣሪያው፣ መለዋወጫውና የካይንጂ ሰፈር ግንባታ ተደምሮበታል። በውሉ ውስጥ ግን እንደ ዋና ነገር የማየው የአየርና የምድር ቅንጅት ሥልጠናን ነው፤ መሬት ላይ ሬዲዮ ይዞ «ያ ወታደር አይደለም፤ ሴቶችና ልጆች ናቸው» ብሎ የሚያስቆም ሰው የሚወጣው ከዚያ ነው። ስድስት ሰዓት የሚዞር አብራሪ ያን ድምፅ ካልሰማ፣ ያገኘው የመሳሳቻ ጊዜ ነው።