የደጋ ጉዞን በኪሎ ሜትር አታቅዱት

የሂማላያን የተራራ ከተሞች ፎቶ እያያችሁ «አንድ ቀን እሄዳለሁ» ለምትሉ ሁሉ ይህን ጻፍኩ። ሕንድ ውስጥ ስማቸው ከገነነ ከተሞች መካከል ሺምላ ከባሕር ወለል 2200 ሜትር ገደማ፣ ዳርጂሊንግ ደግሞ ከ2000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ትገኛለች። የእኛዋ ጨንቻ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሆሳዕናም ከሺምላ ብዙ አታንስም። ሂማላያ መሄድ የቻለ ይሂድ፣ መልካም ነው። ከአንዱ ደጋ ከተማ ወደ ሌላው እየተሻገሩ የሚያርፉበት ጉዞ ግን እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ፤ መነሻውም አዲስ አበባ መናኸሪያ ነው።

እኔ የምኖረው ዱቦ ነው፣ ወላይታ ውስጥ አረካ አጠገብ። ብዙ ሰው አካባቢያችንን የሚያውቀው በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ነው። ከሆሳዕና ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድ በቅርባችን ስለሚያልፍ «ወደ ደቡብ ልንወርድ ነው፣ የት እንደር? ስንት ቀን ይበቃናል?» የሚል ዘመድና ወዳጅ አይጠፋም። ለእነሱ የምመልሰውን እነሆ በአንድ ላይ።

አብዛኛው ሰው ካርታ ከፍቶ ኪሎ ሜትር ይደምራል። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከዚያ አርባ ምንጭ 120 ያህል ነው። «በአንድ ቀን እንደርሳለን» ይላል፣ እውነትም ይደርሳል። ግን ደክሞት ይተኛል፣ በማግስቱ ይመለሳል፣ መሐል ያለው ሁሉ በመስኮት አልፎታል። ጉዞውን የሚወስኑት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከፍታና ቀን።

*ከፍታ*

እንግሊዞች ሕንድን በሚገዙበት ዘመን የቆላው ሙቀት ሲያስመርራቸው በ1864 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሺምላን የበጋ ዋና ከተማቸው አደረጉ። በ1903 የተከፈተው የካልካ–ሺምላ ባቡር 96 ኪሎ ሜትሩን ለመውጣት እስከ ዛሬ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ዳገት እንዲህ ነው፤ ርቀቱ ትንሽ፣ ጊዜው ብዙ።

እኛም ዘንድ ያው ነው። አርባ ምንጭ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ግን በዚያች አጭር መንገድ 1400 ሜትር ይወጣል። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ታች በቲሸርት ያላበው ሰው ላይ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ሻንጣችሁን ስታዘጋጁ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት የአየር ጠባይ እንደምታገኙ አስቡ። ጃኬቱ ከሻንጣው ሥር ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ከፍታ የመኝታ ቦታንም ይወስናል። ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2000 ሜትር በታች ነው። ቆላ ስታድሩ አጎበር መኖሩን ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ። ከተቻለ ግን ቀን ወደ አባያ ሐይቅ ወርዳችሁ ማታ ደጋ ላይ እደሩ። እንቅልፉም ይጣፍጣል።

*ቀን*

በመስከረም አጋማሽ ይህ መንገድ ሌላ መንገድ ነው። ጉራጌ መስቀልን፣ ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን፣ ወላይታ ጊፋታን፣ ጋሞ ዮ ማስቃላን የሚያከብሩት በተቀራረቡ ቀናት ነው። ጊፋታ የሚውለው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ነው። አንድ መንገድ ይዞ አምስት ሕዝብ በዓሉን ሲያከብር ማየት የሚቻልበት አጋጣሚ ከዚህ ሌላ እኔ አላውቅም። እኛ ጋ ወንዶቹ በማኅበር ሆነው ለበሬው ገንዘብ ያጠራቅማሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ ቅቤ። በበዓሉ ዕለት የምትበሉት ሙቹዋ የተባለው ባህላዊ ምግባችንና ከዳጣ ጋር የሚቀርበው ጥሬ ሥጋ የብዙ ወራት ቁጠባ ውጤት ነው።

ይሁንና በእነዚህ ቀናት ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ የማይገባ የለም። የቡታጅራ መስመር ይጨናነቃል፣ ከሽሮ ሜዳ የዶርዜ ሸማኔዎች ወደ ጋሞ ደጋ ይመለሳሉ፣ መኪናም አልጋም ይጠፋል። ለበዓሉ የምትመጡ ከሆነ መስቀል ሳይቃረብ ቀደም ብላችሁ ውጡ፣ አልጋም አስቀድማችሁ ያዙ። ጸጥታ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ኑ፤ ዝናቡ በአብዛኛው አልፏል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ተራራው በግልጽ ይታያል።

የገበያ ቀንም እንዲሁ ይቆጠር። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ሰኞ ዶርዜ ውላችሁ፣ አድራችሁ፣ ማክሰኞ ጨንቻ ብትወጡ ሁለቱንም ታገኛላችሁ። እሑድ ከደረሳችሁ ግን ባዶ ሜዳ ነው የሚጠብቃችሁ።

*ማረፊያዎቹ*

ሆሳዕና፦ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል። ማለዳ ከተነሳችሁ በመንገድ ላይ የጢያን ትክል ድንጋዮች ታያላችሁ፤ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ተጠግታችሁ እዩ፤ የጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታቸው ቅርጹ ጎልቶ ይወጣል። ማታ ሆሳዕና እደሩ።

ዱራሜ፦ ዋናውን መንገድ ትታችሁ ወደ ከምባታ ታጠፉ። ሐምበሪቾ ተራራ ላይ የተሠራው ደረጃ 777 ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምራችሁ ውጡ፣ ውኃ ያዙ፣ ሽማግሌ ካለ አታስቸኩሉ።

አረካና ሶዶ፦ እዚህ ሁለት ሌሊት ስጡ። አረካ አካባቢ አጆራ ፏፏቴ አለ። ሁለት ወንዞች፣ አጃንቾና ሶኬ፣ ጎን ለጎን ሆነው ወደ አንድ ገደል ይወርዳሉ። ድምፁን ገደሉን ከማየታችሁ በፊት ትሰማላችሁ። ጠርዙ ያዳልጣልና የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚገባውንም ክፈሉ። ሶዶ ደግሞ ከዳሞታ ተራራ ሥር ናት። ተራራውን ለመውጣት ካሰባችሁ ከሰዓት በኋላ ደመና ሳይሸፍነው በጠዋት ይሁን።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ፦ ይህ መንገድ ራሱ አንድ ማረፊያ ነው፤ አትሩጡበት። ሁምቦ ላይ ከጠበላ ከተማ በላይ ያለውን ተራራ ቀና ብላችሁ እዩት። ተራቁቶ የነበረ ነው። ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው የተቆረጡት ዛፎች ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ከለሉት፣ ቅርንጫፉን እየመለመሉ ጠበቁት፣ ከ2700 ሄክታር በላይ መሬት ደን ለበሰ። ከዚያ ወደ ምዕራብ አባያ ትወርዳላችሁ፤ ሐይቁ በስተግራ፣ ሙዙና ማንጎው በመንገዱ ዳር።

ዶርዜና ጨንቻ፦ የጉዞው ጫፍ ይህ ነው፤ እዚህም ቢያንስ ሁለት ሌሊት። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጎንጉኖ ነው የሚሠራው፣ የፊቱ ቅርጽ የዝሆን ፊት ይመስላል። ሲታነጽ እጅግ ረጅም ይደረጋል፤ ምስጥ ከሥር እየበላው ከዓመት ዓመት ስለሚያጥር ነው። የአንድን ቤት ዕድሜ ከቁመቱ መገመት ይቻላል። መሬቱ ካልተስማማም ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን ነቅለው፣ ተሸክመው ሌላ ቦታ ይተክሉታል። ውስጥ ግቡ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ተቀመጡ፣ ቆጮው ከምድጃ ሲወጣ በትኩሱ በዳጣ ብሉ።

አንድ ልመና አለኝ። በጨንቻ ጠመዝማዛ ላይ ልጆች እየጨፈሩ መኪና ይከተላሉ። ከመኪና ብርም ሆነ ከረሜላ አትወርውሩ። ልጆቹ ጎማ ሥር ይገባሉ፣ ከትምህርት ገበታቸውም ይቀራሉ። መስጠት ከፈለጋችሁ ከወላጆቻቸው ቡሉኮ ወይም ጋቢ ግዙ።

*ማሰሪያ*

ለዚህ ሁሉ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ቀን ይበቃል፤ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ካላችሁ ከማረፊያው ቀንሱ እንጂ ከሌሊቱ አትቀንሱ። ሦስት ቦታ ሁለት ሁለት ሌሊት ማደር ስድስት ቦታ አንድ አንድ ሌሊት ከማደር በእጅጉ ይሻላል። የመጀመሪያው ቀን የመንገድ ነው፤ አገር የምታዩት በሁለተኛው ነው። ዓመት ፈቃዳችሁ አጭር ከሆነ በየብስ ወርዳችሁ ከአርባ ምንጭ በአውሮፕላን ተመለሱ፤ የመንገድ ቀን ታተርፋላችሁ። በሚኒባስ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ማለዳ 12 ሰዓት መናኸሪያ ተገኙ፣ ለገበያው ጥሬ ብር ያዙ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ በዚያ መስመር የሚሠሩ ሹፌሮችን ጠይቁ።

በየከተማው አንድ ሌሊት በጨመራችሁ ቁጥር ለአልጋ ቤቱ፣ ለሥጋ ቤቱ፣ ለአስጎብኚው ወጣትና ለሸማኔው ገቢ ጨመራችሁ ማለት ነው። ሥራ ፍለጋ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ልጅ ብዛት ለምናይ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዲህ ካርታውን ለጊዜው እጠፉትና በቀን መቁጠሪያው ጀምሩ፦ መጀመሪያ በዓሉን ወይም የገበያውን ቀን ምረጡ፣ ቀጥሎ የምታድሩበትን ደጋ፣ ኪሎ ሜትሩን መጨረሻ ላይ ደምሩት።