አራዳና ፋራ ሲዋደዱ

  

በቀደም ካኩማ አንድ ውስጥ ከአንድ ቡና ቤት ዳስ ስር ቁጭ ብለን ቡናው እስኪፈላ ስንጠብቅ ከጎናችን ሁለት እናቶች ሲያወሩ ሰማን። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው፤ ግን እነሱም ድምፃቸውን አልቀነሱም። አንደኛዋ "ያ ፀጉሩን ያንጨባረረው ልጄን አፈዘዘብኝ" ትላለች። "የትኛው?" "ሱሪው ከወገቡ የሚወርደው ነዋ!" ሁለተኛዋም የራሷ ጣጣ አላት። ወንዱ ልጇ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ወዶ፣ ራፑን ሁሉ ከስልኩ ላይ ጠርጎ አጥፍቶ ቀን ከሌት መዝሙር ብቻ ሆኗል። "ታዲያ ይሄ ምን ይከፋል?" ብትባል "ኧረ የወደደው መዝሙሩን ይሁን ልጅቷን አልገባኝም እኮ" አለች። ሳቃችን አመለጠን። እነሱም ሳቁ፣ ወሬውም የጋራ ሆነ።

ነገሩ ግን በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። በዚህ ጉዳይ የተኳረፉ ቤቶች በየብሎኩ አሉ። አባት ልጁን ካናገረ ወር ያለፈው፣ እናት በመሃል ቆማ የምትንገላታበት ቤት እናውቃለን። ስለዚህ በዚህ እትም በአለባበስና በሙዚቃ ለየቅል ሆነው ስለሚፈላለጉ ወጣቶቻችን ለመጻፍ ተነሳን። ያነጋገርናቸው ሁሉ ስማችን አይውጣ ብለዋል፤ አናወጣም።

አገር ቤት ሳለን "አራዳ" ማለት የነቃ፣ "ፋራ" ማለት ደግሞ ያልገባው ማለት ነበር። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ቃሉን ከእኛ ወርሰው እንደፈለጉ ያደርጉታል። ለራፕ ልጆቹ ነጠላ ያጣፋች ሁሉ ፋራ ናት። ለመዘምራኑ ደግሞ ሰንሰለት ያንጠለጠለ ሁሉ "ጆሊ" ነው፣ አልቆለታል። አንዱ ሌላውን የሚያውቀው በልብሱ ነው፣ በስልኩ በሚከፍተው ዘፈን ነው። ከዚያ በላይ ለማወቅ ጊዜ የሚሰጥ ጥቂት ነው።

እንዲህ መከፋፈሉ አይገርምም። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈት በብዛት የገቡት የሱዳን ልጆች ነበሩ። እኛና ሶማሌዎቹም ወዲያው ተከተልን፤ ኋላ ኮንጎው፣ ብሩንዲው፣ ሩዋንዳው፣ ዑጋንዳው መጣ። ዛሬ አንድ ልጅ ከቧንቧ ውሃ ቀድቶ ቤቱ እስኪደርስ የአራት አገር ሙዚቃ ይሰማል። የራፕ ልጆቹ ዓይናቸው ናይሮቢ ነው። ማታቱ ላይ የተሳለውን ሥዕል፣ ከውስጡ የሚጮኸውን ዘፈን ነው የሚመኙት። ታላላቆቻቸው በ2000ዎቹ በጁዋ ካሊና በኖኒኒ "ጌንጌ" ሼንግ ተማሩ። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ታናናሾቹ "ጌንጌቶን" የሚባለውን ይዘውታል። ለእኛ ጆሮ ሁለቱም አንድ ነው። ለእነሱ ግን ይህን ማለት ስድብ ነው አሉ።

የኮንጎ ልጆች ነገር ለብቻው ነው። ጥላ ስር ቆመን እኛ በሸሚዝ ስንቀልጥ እነሱ ኮት ከነክራቫት፣ የተወለወለ ጫማ አድርገው ያልፋሉ። "ላ ሳፕ" ይባላል ወጉ። በአንድ ጊዜ ከሦስት ቀለም በላይ አይለበስም፣ አረማመዱም ሥርዓት አለው። ይህን ወግ ለዓለም ካስተዋወቁት ዋነኛው ዘፋኙ ፓፓ ዌምባ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 አቢጃን ላይ ከመድረክ ወድቆ ነው የሞተው። ሩምባቸውም በ2021 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የሬጌ ልጆችስ? እነሱ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ኮፍያቸውን ደፍተው የእኛኑ ባንዲራ መልሰው ያስለብሱናል። ድሬድ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ እናቶቻችን አገር ቤት ባህታዊ ሲያዩ ግን መስቀል ይሳለሙ እንደነበር አንዳንዴ ትዝ ይለናል። ፀጉሩ እኮ ያው ነው።

ደግሞም ሁሉም የሚለብሰው ከአንድ ክምር ነው። ገበያ ላይ የሚቱምባው ቦንዳ ሲፈታ ሂዱና እዩ። ሳፑን የሚከተለው ኮቱን፣ ራፐሩ ሰፊውን ቲሸርት፣ ዘማሪዋም ረጅሙን ቀሚስ የሚያወጡት ከዚያው ከአንዱ ቦንዳ ነው። ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ይመርጣሉ። ከመረጡ በኋላ ነው የማይተዋወቁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን። ልጅቷ 22 ዓመቷ ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች። ልጁ 24 ዓመቱ ነው፤ ድሬዱ ትከሻው ላይ ይደርሳል፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ይደንሳል። ሁለቱም የኢትዮጵያ ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም ካምፕ ነው የተወለዱት። የተገናኙት ስልክ ቻርጅ ከሚደረግበት ሱቅ ነው። ባለሱቁ በሳንቲም ዘፈን በሚሞሪ ይጭናል። አንድ ቀን ሚሞሪዎቹን አቀያየረና የእሷ ለእሱ፣ የእሱ ለእሷ ደረሰ። ልጁ ማታ ቤቱ ሄዶ ሲከፍተው መዝሙር ሆነ፤ መሃሉ ላይ ደግሞ አስቴር አወቀ። "መዝሙሩን ሳይሆን አስቴርን ሳገኝ ነው ልጅቷን ለማወቅ የፈለግሁት" አለን። እሷስ? "ስድብ ይኖርበታል ብዬ ፈራሁ። ሦስቱ ላይ ነበረ። የቀሩትን ግን እስከ ንጋት ሰማኋቸው።" በማግሥቱ ሚሞሪ ለመቀያየር ተገናኙ፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀያየሩት አላጡም።

የልጅቷን አባት አነጋገርናቸው። ጋሼ ወደ ሰባው ተጠግተዋል፤ የቀድሞው ሠራዊት አባል ነበሩ፣ በ1983 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው ዋልዳ ካምፕ ቆይተው ነው ወደ ካኩማ የመጡት። "ድሬድ ያሳደገ ሰው ቤት አያቆምም፤ አለቀ" አሉን። ክርክር የለም። ባለቤታቸው ምንም ሳይናገሩ ከሣጥን ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ አውጥተው እጃችን ላይ አስቀመጡ። በ1965 ዓ.ም. የተነሣ ነው። አንድ ቀጭን ልጅ፣ ጫማውን የሸፈነ ቤልቦተም ሱሪ፣ ደረቱ የተከፈተ ሸሚዝ፣ በአንድ በር የማያስገባ አፍሮ፣ አፍሮው ላይ ደግሞ ሚዶ ተሰክቷል። ጋሼ ናቸው።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ እንዲያ ነበረች። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የአለማየሁ እሸቴን፣ የማሕሙድ አህመድን ሸክላ ያወጣበት ዘመን ነው። አለማየሁን "የኢትዮጵያው ኤልቪስ" ይሉት ነበር። ወላጆች ግን ልጆቻችን ፈረንጅ ሆኑ፣ ጠፉ ብለው ያለቅሱ ነበር። ጋሼን "አባትዎ ያን ጊዜ ምን አሉዎት?" አልናቸው። ዝም አሉና "ይህን ጎፈሬህን ሳትላጭ ቤቴ እንዳትገባ አሉኝ" አሉ። "ታዲያ ተላጩ?" "አልተላጨሁም። ኋላ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊው መጣ፣ የማታ ጭፈራውም ቀረ። እኔም ሠራዊት ገባሁ። የላጨኝ አባቴ አይደለም፤ ደርግ ነው።" ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ስለ ፀጉር አልተነሣም።

ጋሼን ግን ለመሳቂያ አንጽፋቸውም። የሚፈሩት ነገር አለ፣ ፍርሃታቸውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ልጅ ካምፕ ውስጥ ማሳደግ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሥራ የለም፣ መንገድ የለም፤ ወላጅ ለልጁ ሊያወርሰው የቀረው ስሙና ሃይማኖቱ ብቻ ነው። ያ ሲነካ ይደነግጣል። እኛ የምንለው መፍራቱ ተገቢ ሆኖ ሳለ የሚፈራው ቦታ ተሳስቷል ነው።

አንዲት እናት የነገሩንን ስሙ። አንድ የእኛው ልጅ የሳፑን ወግ ተምሮ በኮትና በክራቫት ቤታቸው ይመጣ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል፣ ቡና አፍልቶ ካልሄደ አይቀመጥም። "ሰው ማለት እንዲህ ነው" ብለው ልጃቸውን መረቁለት። ልጁ ከልጃቸው በኤምፔሳ የተበደረውን ሳይመልስ ቀረ፤ ሌላ ሰፈር ሌላ እጮኛ ነበረችው። ኮቱ ምን ያድርግ?

ከዚህ የከፋው ደግሞ አንዱ ለሌላው ሲል ራሱን ሲያጠፋ ነው። ለሬጌ ልጅ ስትል ነጠላዋን ጥላ፣ ጓደኞቿን ርቃ፣ የማትወደውን እየወደደች ሁለት ዓመት የቆየች ልጅ አነጋግረናል። ሲለያዩ የእሱም ሰዎች የእሷ አልነበሩም፣ የራሷም አልተቀበሏትም። "ጨረስኩት፤ ግን የትም አልነበርኩም" አለችን። በተቃራኒው ደግሞ ፍቅረኛው ስለለመነችው የስድስት ዓመት ድሬዱን የቆረጠ ልጅ አለ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ አልቅሶ ነው የወጣ። ልጅት ስታየው "ውይ፣ አሁን ሌላ ሰው መሰልክ" አለችውና በወሩ ተወችው። ለካ የወደደችው ፀጉሩን ነበር!

የሚሞሪዎቹን ባለቤቶች ዘፈን አላጣላቸውም። ዓቢይ ጾም ሲገባ እሱ ዘፈኑን በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይሰማል፤ እሷም ቅዳሜ ማታ ሲደንስ ቆማ ካየች በኋላ ለእሑድ ማለዳ ትነሣለች። ያጣላቸው ሌላ ነው። ልጁ እንዲህ አለን፦ "ብቻችንን ስንሆን ወንድሜ ሆዴ ትለኛለች። ከመዘምራኑ ጋር ስትመጣ ግን እንዳላየች ታልፈኛለች። እኔ መንገድ ላይ ያለ ግንድ ነኝ?" እሷ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። ቆይታም "አንተስ ጓደኞችህ 'ያቺ ፋራ' ሲሉኝ ዝም ብለህ ስቀህ የለ?" አለችው። አላበለም፤ ስቋል።

እኛም ነገሩ የገባን እዚያ ላይ ነው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ዘፈን ባይወድ ምንም አይሆንም፤ ስንቱ ባልና ሚስት አንዱ ዜና ሌላው ድራማ ሲያይ ነው የኖረው። ወገኖቹ ፊት ሰላም ሊላት የሚያፍር ሰው ግን አንድ ጣሪያ ስር ከገቡ በኋላም ያፍርባታል። ወላጆች ሱሪውን ከምትለኩ ይህን ጠይቁ። ሰው ፊት ሰላም ይላታል? ስትሰደብ ይቆምላታል? እሷስ?

ሌላው ሳንናገር የማናልፈው የሴት ልጅ ልብስ ግብዣ አለመሆኑን ነው። ሱሪ ስላጠበቀች፣ ፀጉሯን ቀለም ስለነከረች፣ ከዘፈን ልጆች ጋር ስለታየች "ይቻላል" የሚሉ አሉ። አይቻልም። ናይሮቢ ላይ ሴቶችን በአለባበሳቸው ሰበብ መንገድ ላይ ልብሳቸውን የገፈፉ ወንዶች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2014 ብዙ ሴቶች "ልብሴ ምርጫዬ ነው" ብለው አደባባይ ወጡ። ነጠላ የለበሰችም እምቢ ካለች እምቢ ነው፣ ቁምጣ የለበሰችም እምቢ ካለች እምቢ ነው።

ካምፕ ውስጥ ደግሞ ፍቅር የፋይል ጉዳይም ነው። በኬንያ የ2014 የጋብቻ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም፤ በባህልም በሃይማኖትም ቢሆን። የተጋባ ሰው ለምዝገባ ክፍሉ ማሳወቅ አለበት። የመልሶ ማስፈር ጉዳይ ያለው ሰው ጋብቻውን ቢደብቅ ኋላ ለሁለቱም መዘዝ ነው። በእነዚህ ልጆች ላይም "ለኬዙ ነው የወደደችው" የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር፤ የልጁ ቤተሰብ ወደ አሜሪካ ፋይል ነበራቸውና። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላዋን አግዳ የብዙዎች ጉዞ ሲቀር የእነሱም ቀረ። ወሬኞቹ ልጅቷ ትለየዋለች ብለው ጠበቁ። አልተለየችውም። ያን ሰሞን ጋሼ ብዙ አልተናገሩም፤ ግን ማየታቸውን ባለቤታቸው ነግረውናል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ነበርን። መዘምራኑ ነጭ በነጭ ሆነው ወጡ፣ ልጁ ከመንገዱ ማዶ ጥላ ፈልጎ ቆሟል። ልጅቷ ከመሃላቸው ወጥታ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ ሁሉም እያየ ጨበጠችውና ይዛው ተመለሰች፤ ለጓደኞቿ በስሙ አስተዋወቀችው። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። ሁለቱ ግን ጨበጡት።

ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆርጧል። ልጁ ድሬዱን ምን ላድርገው ብሎ በሰው ቢያስጠይቅ፣ ጋሼ እንዲህ ብለው ላኩበት፦ "ፀጉሩን ተወው በሉት፤ ያን ሱሪ ግን ቀበቶ ያድርግበት።"