ያውቁ ኖሯል? ከቆዳ ነጋዴው ቤት የወጣው መሪ

▪ ካናዳዊው ዣን ባፕቲስት ላጂሞዲየር የሚኖረው አውሬ እያጠመደ ጸጉራም ቆዳ በመሸጥ ነበር። በተለይ የቢቨር ጸጉር ለአውሮፓ ባርኔጣ ሠሪዎች ብርቅ ነበር።

▪ እ.ኤ.አ. በ1806 ያገባት ማሪ አን ጋቡሪ ከቤት ሆና መጠበቅን እምቢ ብላ፣ በታንኳ ወደ ምዕራብ ተከተለችው። የበኩር ልጃቸውንም በ1807 እዚያው ወለደች።

▪ በ1815 መጨረሻ ላጂሞዲየር ከቀይ ወንዝ ሰፈራ መልእክት ይዞ፣ በረዶውን በእግሩ እያቋረጠ በ1816 ሞንትሪያል ገባ። የሰፈራው መሥራች ሎርድ ሴልከርክም ለውለታው ዛሬ ዊኒፔግ ባለችበት አካባቢ መሬት ሰጠው።

▪ የልጃቸው የጁሊ ልጅ ሉዊ ሪየል በ1869 የሜቲስን (ከአውሮፓውያንና ከነባር ሕዝቦች የተወለዱ ክልሶችን) ንቅናቄ መራ፤ በዓመቱ ማኒቶባ የካናዳ ክፍለ ሀገር ሆነች። አያቱ ማሪ አን ይህን ሁሉ አይታ፣ በ1875 በ95 ዓመቷ አረፈች።