ስለ ተሰበረ የአስቤስቶስ ጣራ አወራረድ

አቃቂና ቃሊቲ የፋብሪካና የመጋዘን አገር ነው። የምድር ባቡር መሥመር ካለፈበት ጊዜ ጀምሮ በዚያ ሜዳ የተሠሩት ቤቶች ዕድሜያቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ክዳናቸውም ልዩ ልዩ ነው። ከአሮጌዎቹ መካከል ከቆርቆሮ ይልቅ ወፍራምና ግራጫ የሆነ የሲሚንቶ ክዳን የለበሰ ቤት ቢገኝ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሹም ይፍረስ ብሎ ከማዘዙ በፊት ሊያስመረምረው ይገባዋል፤ አስቤስቶስ ያለበት ሊሆን ይችላልና።

አስቤስቶስ ከምድር የሚቈፈር፤ እንደ ጥጥ ሊፈተል የሚቻል ማዕድን ነው። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የማይጠፋ» ማለት ነው፤ በግሪክኛው ወንጌል መጥምቁ ዮሐንስ ስለማይጠፋው እሳት በተናገረበት ስፍራ የሚገኘው ቃል ይኸው ነው። ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ሃትሼክ በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ከሲሚንቶ ጋራ ደባልቆ ክዳን አደረገውና «ኤተርኒት» ብሎ ሰየመው፤ ዘለዓለማዊ ለማለት ነው። ይሁን እንጂ ዘለዓለማዊ የተባለው ክዳን በበረዶና በፀሐይ ይሰነጠቃል።

ደኅና ሳለ ጕዳቱ ጥቂት ነው። ሲሰበር፤ ሲቈረጥና በደረቁ ሲጠረግ ግን ዓይን የማያየው ክር ከአቧራው ጋራ ተነሥቶ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ገብቶም አይወጣም። ከዚህ የሚመጣው የሳንባ ጠባሳና ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 40 ዓመት ቈይቶ ስለ ሆነ፤ ዛሬ ጣራ ላይ የወጣው የቀን ሠራተኛ ማታ ደመወዙን ተቀብሎ በጤና ወደ ቤቱ ይገባል፤ የሚከስም የለም። የዓለም የጤና ድርጅት ግን በሥራ ላይ ባገኛቸው አስቤስቶስ ምክንያት በየዓመቱ ከ200,000 የሚበልጡ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005፤ ደቡብ አፍሪካም ራሷ ስትቈፍረው ኖራ እ.ኤ.አ. በ2008 ከልክለውታል።

በልማድ የሚደረገው አንዱ ወጥቶ በመዶሻ እየመታ ሲጥል ሌላው ከታች ሆኖ መጥረግ ነው። ከዚህ የከፋ አሠራር የለም። ክዳኑ ሰው ሲረግጠው ስለሚሰበር አስቀድሞ ርብራብና ጠንካራ ሳንቃ ይዘረጋል፤ ከሥር ያሉት ሠራተኞች ይርቃሉ። ከዚያም ጥቂት ሳሙና የገባበት ውሃ በቀስታ ይረጭበታል፤ ብሎኑ ተፈትቶ ክዳኑ ሳይሰበር በእጅ ይወርዳል፤ በወፍራም ላስቲክ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ምልክት ይጻፍበታል። ተራ የጨርቅ ጭንብል ይህን ክር አያግደውም፤ ለዚሁ የተሠራው ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። የሥራው ልብስም ወደ ቤት አይሄድም፤ በሌላ አገር የባሎቻቸውን ልብስ በማጠብ ብቻ የታመሙ ሚስቶች አሉና።

ወጪው በዛ የሚል ሹም ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያውን መሣሪያ መስጠትና አደገኛ ሥራ የሚሠራውን በአሠሪው ገንዘብ በሐኪም ማስመርመር የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። የሠራተኞቹም ስም በመዝገብ ይቀመጥ፤ ሕመሙ በሚመጣበት ዘመን ያዘዘው ሹም በዚያ ወንበር አይገኝም።

ስለ ውዳቂው ደግሞ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1090/2010 አለ። ስለዚህ ስባሪው በአቃቂ ወንዝ ዳር አይደፋም፤ ለቆራሌው አይሸጥም፤ ለማድ ቤትና ለዶሮ ቤት ክዳን ይሁነኝ ብሎ ለሚለምን ዘበኛም በቸርነት አይሰጥም።