ዓርብ የሚበላ ድርብ ብስኩት

በዛሬው ጽሑፌ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤና ያለ ወተት የሚጋገር፣ በመሀሉ ጣፋጭ ያለበት ድርብ ብስኩት እንዴት እንደሚሠራ አስረዳችኋለሁ። «ብስኩት ደግሞ ምን ማስረዳት ያስፈልገዋል?» እንዳትሉ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ሦስት ጊዜ ያበላሸሁት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን ነው። በዓሉ ዓርብ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሁለት ብስኩት ታደለን። ወረቀቱን ስናነበው ቅቤም ወተትም አለበት። የምንጾመው ልጆች እርስ በርስ ተያየን። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ሙስሊም ናት፤ እሷ መብላት ትችል ነበር። ግን እኔ እያየኋት ብቻዋን መብላት ከበዳትና እንደ እኔ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰኞ ዕለት ሁለታችንም ስናወጣው በደብተር ተጨፍልቆ ዱቄት ሆኗል።

እስቲ አስቡት፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና የነቢያት ጾም አለ፣ ከዚያ የዐቢይ ጾም 55 ቀን አለ። የትምህርት ቤት በዓል ከእነዚህ በአንዱ ላይ መውደቁ አይቀርም። ዘንድሮም የወላጆች ቀን ዓርብ ነው ሲባል፣ እኔ በክፍላችን ፊት እጄን አውጥቼ «ሁሉም የሚበላው ብስኩት እኔ ጋግሬ አመጣለሁ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። የክፍላችን ተማሪ 48 ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ ነበረኝ። «ወንድ ሆነህ ወጥ ቤት ምን ትሠራለህ?» ያሉኝም አሉ፤ ስም አልጠራም።

መጀመሪያ ድሬዳዋ ወደምትኖረው አክስቴ ደወልኩ። እሷ በጾም ብስኩት ትጋግራለች። አሠራሩን በስልክ ነገረችኝና በደብተሬ ጻፍኩ። «ዘይቱን አፍስስበት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጨምር፣ አቡካው፣ ጋግረው» አለች። ቀላል ነው አልኩ።

ግን ድሬዳዋ ሌላ፣ ሮቤ ሌላ። እሷ ቤት የሚረጋው ዘይት እንደ ውኃ ይፈሳል። እኛ ቤት ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑን ብትገለብጡት ጠብ አይልም! እኔም «አፍስስ» ስላለችኝ እሳት ዳር አስቀምጬ አቀለጥኩትና አፈሰስኩት። ሊጡ ዘይት በዘይት ሆነ። ኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ደርድሬ አክንባሎ ስከድነው ደግሞ ብስኩቶቹ ተንጠፍጥፈው እርስ በርስ ተጣበቁ፣ ከሥር አረሩ፣ ከላይ ነጭ ሆነው ቀሩ። መሀላቸውም እንደ እንቁራሪት ሆድ ተነፍቶ ነበር። ድርብ ብስኩት ደግሞ ጠፍጣፋ ካልሆነ ሁለቱ አይገጥሙም።

የሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው ሳቁና ሰሌዳው ላይ ሥዕል ሣሉልኝ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ከዚያም ትበልጣለች። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፣ ስለዚህ የሚጫነን ግፊትም ይቀንሳል። ድሬዳዋ ውኃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን እኛ ጋ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሳነቴ ላይ ሻይ የሚያፈላ ሰውማ ከ90 ዲግሪ በታች ይፈላለታል። በቤኪንግ ፓውደር የሚወጣው ጋዝም የሚጫነው ሲያንስ አብዝቶ ይነፋል። «አንተ ግማሽ ማንኪያ ይበቃሃል» አሉኝ። እኔም በግማሽ ቀነስኩ። ከመጋገሩ በፊት እያንዳንዱን በሹካ ሦስት ቦታ መውጋትም ጥሩ ነው፤ እንፋሎቱ በቀዳዳው ስለሚወጣ ብስኩቱ አይነፋም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ «እንቁላልና ቅቤ ከሌለ በምን ይያዛል?» የሚል ነበር። እንቁላል ሲሞቅ ስለሚጠነክር ሊጡን ይይዛል። ለኬክ ይህ በጣም ያስፈልጋል። ብስኩት ግን ስስ ነው፤ የስንዴው ግሉተንና ስኳሩ ለመያዝ ይበቁታል። ቅቤ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። የዱቄቱን ቅንጣት በስብ ይሸፍንና ግሉተኑ እንደ ዳቦ ሊጥ እንዳይለጠጥ ያደርገዋል። ብስኩት ስንነክሰው ከሽ የሚለው ለዚህ ነው። ይህን ሥራ የረጋ ዘይት በደንብ ይሠራዋል፤ የቀለጠ ዘይት ግን ይፈስሳል። ለካ የሮቤ ብርድ ጠቃሚ ነበር! አሁን ዘይቱን አላቀልጥም፤ በማንኪያ እየዛቅሁ ከተፈጨ ስኳር ጋር እስኪነጣ ድረስ አሸዋለሁ።

የቅቤው ጣዕም ግን ቀረ። እዚህ ላይ የረዱኝ አያቴ ናቸው። እሳቸው ጩኮ በመሥራት የታወቁ ናቸው፤ ጩኮ እንደምታውቁት የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ነው የሚሠራው። «ሽታው ከቅቤው ብቻ አይደለም፣ ከተቆላው ገብስ ነው» አሉኝ። እውነት ነው፤ በሶ ሲበጠበጥ ቤቱን የሚሞላውን ሽታ አስታውሱ። የባሌ ልጅ ገብስ አጥቶ ቫኒላ ፍለጋ ሲሄድ ያሳፍራል። ታዲያ እኔ ደስ ብሎኝ ግማሽ በግማሽ ቀላቀልኩት። ሁለተኛው ጥፋት ይሄ ነበር፤ የገብስ ፕሮቲን እንደ ስንዴ አይያዝም። ብስኩቱ ገና ሳነሳው እጄ ላይ ፈረሰ። አያቴ ግን ፍርፋሪውን በሻይ ጨረሱት። ከአምስት እጅ አንዱ ብቻ በሶ ሲሆን ግን ሽታውም አለ፣ አይፈርስምም።

ልኬቱ እነሆ። 2 የውኃ ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ የተነፋ በሶ፣ ግማሽ ብርጭቆ የተፈጨ ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆና 2 የሾርባ ማንኪያ የረጋ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥጫ ጨው። ዘይቱና ስኳሩ ከታሸ በኋላ ዱቄቱን ጨምሩና ቀዝቃዛ ውኃ በማንኪያ ማንኪያ እያደረጋችሁ ሰብስቡት፤ ከ4 እስከ 5 የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል። እንደ ዳቦ ሊጥ አትደቁሱት፣ ይጠነክራል። ግማሽ ሰዓት ብርድ ላይ ይረፍ። ከዚያ የትንሽ ጣት ግማሽ ያህል ውፍረት እስኪኖረው በጠርሙስ ዳምጡትና በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ቁረጡት። ወደ 50 ይወጣዋል፤ ሲደረብ 25 ማለት ነው። እኔ ሁለት ጊዜ አቦካሁ።

እሳቱን በተመለከተ እማዬ «ድፎ ዳቦ እንዴት ነው የሚበስለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከላይም ከታችም እሳት! ትልቅ የብረት ድስት ሥር ደረቅ አሸዋ አደረግን፣ በላዩ ትሪ አስቀመጥን፣ ክዳኑ ላይ ፍም ጫንን። በ15 ደቂቃ ገደማ ጠርዙ ቀላ ይላል፤ ያኔ አውጡት። ትኩስ እያለ ለስላሳ ነው፣ አልበሰለም ብላችሁ አትመልሱት፤ ሲበርድ ይደርቃል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ይህን ያለ ትልቅ ሰው አትሥሩ፣ በርና መስኮትም ክፈቱ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰው ይገድላል። እኛ አገር ብርድ ነው ብለን በር ዘግተን ፍም እናስገባለን፤ አደገኛ ነው።

ሦስተኛው ጥፋት የመሀሉ ነው። ብስኩቱ አምሮ ስለወጣ ማታውኑ ማርማላታ ቀብቼ ደረብኩት። ጠዋት ስነሳ እንደ ረጠበ ካርቶን ሆኗል። ማርማላታ ውኃ አለው፤ ደረቅ ብስኩት ደግሞ ውኃ ይስባል። ስለዚህ መሀሉ የሚገባው ነገር ውኃው ትንሽ መሆን አለበት። ለውዝ ቆላን፣ ገለባውን አሽተን አነሳን፣ ዘይቱን እስኪያወጣ ሙቀጫ ውስጥ ወቀጥነው። አንድ ብርጭቆ የለውዝ ቅቤ በ3 የሾርባ ማንኪያ ማር ለወስኩት። ማሩ ሳነቴን ተሻግሮ የመጣ የሐረና ጫካ ማር ነው። ታናሽ እህቴ «ቅቤ ካላችሁት እንዴት የጾም ይሆናል?» ብላ ተከራከረች፤ ስሙ እንጂ ከላም የመጣ ነገር የለበትም። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለእሱ የረጋ ዘይትና የተፈጨ ስኳር ብቻ መትታችሁ ለይታችሁ ሥሩለት።

በውጭ አገር ከእንስሳት የተገኘ ምንም የማይበሉ ሰዎች ቪጋን ይባላሉ፤ ቃሉ በእንግሊዝ አገር የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ነው። እነሱ ማርም አይበሉም፤ ለእነሱ በማር ፋንታ ስኳር ይሆናል። በዓለም የታወቀው ድርብ ብስኩት ኦሪዮ ደግሞ በ1912 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ክሬሙ በአሳማ ስብ ነበር የሚሠራው፤ በአትክልት ዘይት የተተካው በ1990ዎቹ ነው። እኔና ጓደኛዬ ያን ጊዜ ብንኖር ሁለታችንም ባልበላነው።

ሐሙስ ማታ እስከ 4 ሰዓት ጋገርን። መሀሉን የቀባሁት ግን ዓርብ ጠዋት ነው፤ ከማርማላታው ተምሬ። 50 ድርብ ወጣ፤ ለክፍላችን 48፣ ለአያቴ አንድ፣ ለሳይንስ መምህራችን አንድ። ከሰዓት በኋላ ሲታደል ጓደኛዬ እኔን አየችኝ፤ ስነክስ ነከሰች። «ጩኮ ጩኮ ይላል» አለችኝ።

መሥራት የምትፈልጉ በእረፍት ሰዓት ክበባችን ክፍል ኑና ልኬቱን ከግድግዳው ላይ ገልብጡ። ድስቱን ግን እማዬ አታውስም።